አጭር ጋቢ፣ ረጅም ዳገት

የአምስተርዳሙ ስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል 3 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ የተሠራ ነው፤ ቦሌ ደግሞ 2,334 ሜትር ላይ ተቀምጧል። አንድ የሆላንድ ብስክሌት በአውሮፕላን ሆድ ተጭኖ ከዚያ እዚህ ሲደርስ፣ ፔዳሉ አንዴ እንኳ ሳይዞር፣ አገሩ ውስጥ የትም ቢዞር የማያገኘውን ከፍታ ወጣ ማለት ነው። ጣጣው የሚጀምረው ከጉምሩክ ወጥቶ የቀረችውን ትንሽ ዳገት በሰው ጉልበት ውጣ ሲባል ነው።

ብስክሌቱ የተላከለት ሰው የሂሳብ ሠራተኛ ነው እንበል። ቤቱ መገናኛ፣ መሥሪያ ቤቱ አራት ኪሎ። ዩትሬክት የሚኖረው ታናሽ ወንድሙ፣ በዚያ አገር ሥራ አስኪያጁም ተማሪውም በብስክሌት ውሎ እንደሚገባ በስልክ ሲያወራለት ከረመ። አዲስ አበባ ውስጥ በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመር መሠራቱን የሰማ ዕለት ደግሞ የራሱን ብስክሌት አሽጎ ላከለት። ጥቁር ነው፤ ከባድ ነው፤ ወገብን ቀጥ አድርገው የሚቀመጡበት ነው። ካቴናው ከጫፍ እስከ ጫፍ በሽፋን ተደብቋል። የሰፈር ልጆች ዞር ዞር ብለው አዩትና ከንፈራቸውን መጠጡ።

«ጋሼ፣ ማርሽ የለውም እንዴ?»

«አለው። ሦስት። ውስጥ ነው።»

«ውስጥ የት?»

የኋላውን ጎማ እምብርት በጣቱ አሳያቸው። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። የአዲስ አበባ ልጅ ማርሽ ብሎ የሚያውቀው ከፊት ሦስት፣ ከኋላ ሰባት ተደርድሮ፣ ጥቁር ቅባት ጠጥቶ፣ የሱሪ ጫፍ ሲበላ የሚታየውን ነው።

ማርሹ ግን እውነትም ውስጥ ነው። የዚህ ዓይነቱ ማርሽ ስመ ጥሩ ፋብሪካ ስተርሚ አርቸር እ.ኤ.አ. በ1902 እንግሊዝ አገር ኖቲንግሃም ውስጥ ተወለደ። በ1936 ያወጣው ኤደብልዩ የሚባል ባለ ሦስት ማርሽ እምብርት ለአሥርተ ዓመታት ብዙም ሳይለወጥ የእንግሊዝ ፖስተኛንም፣ ቄስንም፣ የፋብሪካ ሠራተኛንም ሲያመላልስ ኖሯል። ሲከፈት መሐሉ ላይ ከዘንጉ ጋር ተጣብቆ የማይዞር ባለ ጥርስ አለ፤ ስሙ ፀሐይ ነው። ዙሪያውን የሚሽከረከሩት ትንንሾቹ ፕላኔት ይባላሉ። እነሱን ደግሞ ጥርሱ ወደ ውስጥ የዞረ ቀለበት ይከባቸዋል። ፀሐዩ 20 ጥርስ፣ ቀለበቱ 60 ጥርስ አለው፤ 20 ለ60 ሲካፈል አንድ ሦስተኛ ነው። ምሥጢሩ በሙሉ ይኸው ነው። ኃይሉ በፕላኔቶቹ ገብቶ በቀለበቱ ሲወጣ ጎማው አንድ ሦስተኛ ይፈጥናል። መንገዱ ሲገለበጥ፣ ማለትም በቀለበቱ ገብቶ በፕላኔቶቹ ሲወጣ፣ ጎማው ከአራት ሦስት እጁን ብቻ ይዞራል። መካከለኛው ማርሽ የገባውን እንዳለ ያስተላልፋል፤ አይጨምርም፣ አይቀንስም። የሂሳብ ሠራተኛ ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል። ገቢና ወጪው የሚታረቅ ዕቃ በየቀኑ አይገኝም።

የእሱ ብስክሌት እምብርት የጃፓኑ ሺማኖ ሥራ፣ ኔክሰስ ባለ ሦስት ነው። ቁጥሮቹ ትንሽ ይለያሉ፤ 0.73፣ 1 እና 1.36። ከትልቁ እስከ ትንሹ ያለው ስፋት 186 በመቶ ነው፤ ትልቁ የትንሹን እጥፍ እንኳ አይሞላም። ከዚያ ውጭ ምንም የለም። በካቻቢቴ ቢጎረጉሩት፣ ቢለምኑት፣ ቢሳሉለት አይሰፋም። ሰው መምረጥ የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፊት ያለው ጥርስ ስንት፣ ኋላ ያለው ጥርስ ስንት ይሁን የሚለውን። በዚህ ምርጫ ሦስቱ ማርሾች ተያይዘው ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይሄዳሉ። ባለ ሦስት ማርሽ አጭር ጋቢ ነው፤ ራስ ላይ ሲስቡት እግር ይራቆታል፣ እግር ሲሸፍኑበት ራስ ይበርደዋል። ጥያቄው የትኛው ቢበርድ ይሻላል ነው።

ሆላንዶች መልሱን ያለ ችግር አግኝተዋል። የአውሮፓዋ ሆላንድ ትልቁ ከፍታ ቫልሰርበርግ 322 ሜትር ነው፤ እሱም ከቤልጅየምና ከጀርመን ጋር በሚዋሰኑበት ጥግ ስለሆነ የራሳቸው ነው ለማለት እንኳ ጎረቤት ማስፈቀድ ያለባቸው ይመስላል። የእነሱ ዳገት ነፋስ ነው። ስለዚህ ብስክሌቱ ከፊት 38፣ ከኋላ 19 ጥርስ ይዞ መጣ። ልክ እጥፍ ነው። ባለ 28 ኢንች ጎማ አንዴ ሲዞር 2.2 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በመካከለኛው ማርሽ አንድ የፔዳል ዙር 4.4 ሜትር፣ በትልቁ 6 ሜትር፣ በትንሹ 3.2 ሜትር ያስኬዳል ማለት ነው። ሆላንድ ውስጥ በትንሹ የሚነሱት ከትራፊክ መብራት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በትንሹ መኖር ግድ ይላል።

አሁን አንድ ዳገት እንውሰድ፤ 100 ሜትር ሲሄዱበት 8 ሜትር ከፍ የሚል። ስም መጥቀስ አያስፈልግም፣ አንባቢ የሰፈሩን ያውቃል። ሰውየው 70 ኪሎ፣ ብስክሌቱ 20፣ ቦርሳውና የምሳ ዕቃው 5 ኪሎ ይሁኑ። በትንሹ ማርሽ ፔዳሉን በደቂቃ 60 ጊዜ ቢያዞር ፍጥነቱ በሰዓት 11.6 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ይህን ዳገት በዚያ ፍጥነት መውጣት ደግሞ ወደ 260 ዋት ይጠይቃል። ስፖርት ካቆመ የቆየ፣ ከወንበር የማይነሳ ጎልማሳ ሳያለከልክ የሚያወጣው 120 ዋት ቢሆን ጥሩ ነው። በ120 ዋት ፍጥነቱ 5.3 ኪሎ ሜትር ላይ ይወድቃል። ያ ማለት ከእግረኛ እኩል ነው፤ ፔዳሉም በደቂቃ 27 ጊዜ ብቻ ይዞራል። ይህ መንዳት አይባልም፤ ተራ በተራ በአንድ እግር መቆም ነው። በዚያ ላይ የአዲስ አበባ አየር ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ሳንባ የሚያገኘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ቀጭን አየር ለነጂ ቀለል ያለ ነፋስ ይሰጠዋል ይባላል። እውነት ነው፤ ግን በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው ከነፋስ ጋር ምን ጠብ አለው?

የመጀመሪያው ሰሞን ታዲያ ቀበና ድልድይ ድረስ በክብር እየወረደ፣ ከድልድዩ ወደ አራት ኪሎ እየገፋ ነበር መሥሪያ ቤት የሚደርሰው። ብስክሌት የሚገፋ ሰው ደግሞ አላፊ አግዳሚው ዝም ብሎ አያሳልፈውም። «ጎማ ተነፈሰብህ?» ይሉታል። አዎ ማለት ይቀላል። ጎማው ደህና ነው፣ የኋላው ጥርስ አንሶብኝ ነው ብሎ ለሊስትሮ ልጅ ማስረዳት ሰዓት ያስረፍዳል።

ትልቅ ማርሽ የወንድ፣ ትንሽ ማርሽ የደካማ ነው የሚለው እምነት የእኛ ብቻ አይደለም። ቱር ደ ፍራንስን እ.ኤ.አ. በ1903 የጀመረው ኦንሪ ደግራንዥ ማርሽ መቀየር ዕድሜያቸው ከ45 ለዘለለ ሰዎች ነው ባይ ነበር። በእሱ ዘመን ተወዳዳሪዎች ተራራው ሥር ሲደርሱ ይወርዱና የኋላውን ጎማ ፈትተው ይገለብጡት ነበር፤ በአንድ ጎኑ ትንሽ፣ በሌላው ጎኑ ተለቅ ያለ ጥርስ ነበረውና። ጫፍ ላይ ሲደርሱ እንደገና ፈትተው ይገለብጣሉ። ካቴና ከጥርስ ጥርስ የሚያዘልለው ማርሽ በውድድሩ የተፈቀደው ደግራንዥ ከኃላፊነቱ ከወረደ በኋላ፣ በ1937 ነው። ዛሬ የዚያው ውድድር ብርቱዎች ለአልፕስ ተራሮች ከፊት 34፣ ከኋላ 34 ጥርስ ቢጭኑ የሚያፍርባቸው የለም፤ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማው አንዴ ይዞራል። የእኛ የሂሳብ ሠራተኛ ትንሹ ማርሽ ሲሰላ አንድ ለ1.47 ገደማ ነው። ከ7 ኪሎ ያነሰ ብስክሌት ላይ ከተቀመጡት የዓለም ምርጦች ይልቅ፣ ሽሮ በምሳ ዕቃ የያዘው ሰውዬ በከበደ ማርሽ ዳገት እየወጣ ነው ማለት ነው። ጀግንነት ከተባለ ይኸው።

መፍትሔው ርካሽ ነው፤ የኋላውን ጥርስ ከ19 ወደ 22 ማሳደግ። ጥርሱን ከወንድሙ አስልኮ ብስክሌት ሠሪው ዘንድ ወሰደው።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር ይከፈታል?» አለ ልጁ የካቴናውን ሽፋን እያንኳኳ።

«ሰው የሠራው ነው፤ ይከፈታል።»

ተከፈተ፤ ግን ቀኑ እኩል ሆነ። የእምብርት ማርሽ የኋላ ጥርስ በዳዶ አይታሰርም። ውስጡ ባሉ ሦስት ጆሮዎች ተሰክቶ ከላይ አንዲት የሽቦ ቀለበት ትይዘዋለች። ቀለበቷን ለማውጣት ካቻቢቴ ከሥር ይገባና ቀስ ተብላ ትነሣለች። ቀስ ካልተባለች ትዘላለች። ልጁ ካቻቢቴውን አስገባ፣ ጫን አለ፤ ጭል የሚል ድምፅ ተሰማና ቀለበቷ ከዓይን ተሰወረች። ሁለቱም ተንበርክከው አስፋልት ሲዳብሱ አንዲት ቆሎ ሻጭ ከመቀመጫዋ ሳትነሣ ከሰፌዷ ውስጥ አንስታ፣ «ይቺን ነው?» አለቻቸው። አዲሱ ጥርስ ተገጠመ። ሰፋ ያለ ስለሆነ ካቴናው አጠረ፤ ከአሮጌ ካቴና አንድ ቅጥል ተቆርጦ ተጨመረለት። ሽፋኑ ግን ትልቁን ጥርስ አላሳልፍ አለ። የሆላንድ ንጽሕና ለአዲስ አበባ ዳገት ተሠውቶ ቤት ቀረ፤ የሱሪው ቀኝ እግርም ከዚያ ቀን ጀምሮ በካልሲ ውስጥ ይገባል።

አሁን ትንሹ ማርሽ በአንድ ዙር 2.8 ሜትር፣ ትልቁ 5.2 ሜትር ሆነ። ጋቢው ወደ እግር ተሳበ። ራሱ በረደው ወይ ቢባል፣ እምብዛም። በትልቁ ማርሽ ፔዳሉን በደቂቃ 90 ጊዜ ያዞረ ሰው በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ከዚያ በላይ የሚያስኬደው ቁልቁለቱ ራሱ ነው፣ ያለ ክፍያ። ተራራማ አገር ውስጥ ለቁልቁለት ብሎ ማርሽ የሚመርጥ ሰው ዝናብ ሲዘንብ አትክልት እንደሚያጠጣ ይቆጠራል። ሆኖም ብስክሌት ገዢዎች ሲጠይቁ የሚሰማው ሁልጊዜ «ስንት ይበራል?» ነው። ስንት ይወጣል የሚል እምብዛም አይገኝም።

ፋብሪካዎቹ በዚህ ነገር ላይ አንድ ቅሬታ አላቸው። የፊቱ ጥርስ ከኋላው ጋር ሲነጻጸር እያነሰ በሄደ ቁጥር በእምብርቱ ውስጥ ያሉት ፕላኔቶች ላይ የሚያርፈው የመጠምዘዝ ኃይል ይበረታል። ስለዚህ ከዚህ በታች አትውረዱ የሚል ልክ ያስቀምጣሉ፤ ከወረዱ ዋስትናው ይቀራል። የ38 ለ22 ምርጫ ከተለመደው ልክ በታች ነው። እውነቱን ለመናገር በ120 ዋት የሚነዳ ሰው እምብርት ይሰብራል ብሎ መስጋት ለእሱ ክብር መስጠት ነው፤ ግን ሁለት ኩንታል ጤፍ የሚጭንበት ሰው ይህን ምክር ባይከተል ይሻላል።

በ2.8 ሜትርም ቢሆን ያ ዳገት በ120 ዋት በደቂቃ 31 ዙር ነው። ተሻሻለ እንጂ አልተፈታም። ሦስት ማርሽ ለአዲስ አበባ አይበቃም ብሎ መናገር ስድብ አይደለም። ስምንት ማርሽ ያለው ኔክሰስ ስፋቱ 307 በመቶ ነው፤ በዚያው 38 ለ22 ትንሹ 2 ሜትር፣ ትልቁ ከ6 ሜትር በላይ ይሆናል፤ ራስም እግርም ይሸፍናል። ጉድለቱ ደረጃዎቹ እኩል አለመሆናቸው ነው። ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ፣ ከአምስተኛም ወደ ስድስተኛ ሲሻገሩ ልዩነቱ 22 በመቶ ነው፤ ሌሎቹ ጠበብ ይላሉ። ዳገት ላይ ያ 22 በመቶ ለእግር ይሰማል። የዚያው የሺማኖ ባለ 11፣ አልፊን የሚባለው፣ 409 በመቶ ይደርሳል።

ከሁሉ በላይ ጀርመናዊው በርንሃርድ ሮሎፍ እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጣው ባለ 14 ማርሽ እምብርት አለ። ስፋቱ 526 በመቶ፣ ደረጃዎቹ ሁሉ 13.6 በመቶ፣ አንዱ ከሌላው ሳይበልጥ። ከፊት 38፣ ከኋላ 16 ጥርስ ቢደረግለት ትንሹ ማርሽ በአንድ ዙር 1.46 ሜትር ይሄዳል። የሂሳብ ሠራተኛችን ይህን ሲያሰላ ብዕሩን አስቀመጠ፤ ያንን ዳገት በ120 ዋት ልክ በደቂቃ 60 ዙር ያስወጣዋል። ዘይቱ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ወይም በዓመት አንዴ ይቀየራል። ከዚያ ዋጋውን አየ። እምብርቱ ብቻ ከ1,000 ዩሮ ይበልጣል። ብዕሩን መልሶ አነሣና ኪሱ ውስጥ ከተተ።

የሰፈሩን ልጅ ባለ 21 ማርሽ ብስክሌት አለመጥቀስ ደግሞ ማዳላት ነው። ከፊት ትንሹ 28፣ ከኋላ ትልቁ 28፣ ጎማው ባለ 26 ኢንች፤ በአንድ ዙር 2 ሜትር ገደማ። ሰባት ሲባዛ ሦስት 21 ይሁን እንጂ ብዙዎቹ ማርሾች እርስ በርስ ይደጋገማሉ። ለዳገቱ ግን በቂ ነው፤ ልጁም ቀበና ዳገት ላይ «ጋሼ ልግፋዎት?» እያለ ያልፈዋል። ዋጋውም ከባለ ስምንቱ እምብርት ጋር አይወዳደርም። ካቴናን በውጭ የሚያዘልለው ማርሽ ቀለል ያለ ነው፣ ከእምብርቱም ያነሰ ጉልበት ያባክናል። ይህን የሚክድ የእምብርት ማርሽ ወዳጅ ካለ ዳገት ወጥቶ አያውቅም።

ታዲያ ለእምብርቱ ምን ቀረለት? ክረምት ቀረለት። ሐምሌ ላይ ጭቃው፣ ጥር ላይ አቧራው ባለ 21ዱን ይበላዋል። ታክሲ ተራ ላይ አንድ ሰው ተደግፎት ሲያልፍ ማርሹን የምትይዘው ክንድ ትጣመምና ካቴናው ሽቦዎቹ መሐል ይገባል። እምብርቱ ግን ግራሶውን ይዞ ዝግ ነው። ሁለተኛው ጥቅሙ አዲስ አበባ ውስጥ ከሁሉ ይበልጣል፤ ቆሞ ማርሽ ይቀየርበታል። ሚኒባስ ያለ ምልክት «ወራጅ አለ» ተብሎ ፊት ለፊት ሲቆም፣ ባለ 21ዱ በከባዱ ማርሽ እንደተያዘ ይቀራል። የእምብርቱ ባለቤት ቆሞ ወደ አንድ ይመልሰዋል፤ ረዳቱን በዓይኑ ይገላምጣል፤ ከዚያ ይነሣል። ዳገት ላይ እየገፉ ለመቀየር ግን ለአንዲት ቅጽበት እግርን ማላላት ያስፈልጋል። በሙሉ ጉልበት እየረገጡ ቢጎትቱት እምቢ ይላል፤ እምቢ ማለቱ መብቱ ነው።

አሮጌ ስተርሚ አርቸር ያገኘ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ይጠንቀቅ። ገመዱ በትክክል ካልተወጠረ በሁለተኛውና በሦስተኛው ማርሽ መካከል ባዶ ቦታ አለ። ቆሞ እየረገጠ ያለ ነጂ እዚያ ቦታ ላይ ሲገባ ፔዳሉ ድንገት ያለ ምንም ጭነት ይወርዳል፤ ነጂውም ፍሬሙ ላይ እንዴት እንደሚያርፍ መግለጽ የጽሑፉን ሥነ ምግባር ይነካል።

ማርሽ ለቁልቁለት ተብሎ አይመረጥም ብለናል፤ ፍሬኑ ግን ይነሳል። ከሆላንድ የሚመጡ ብዙ ብስክሌቶች ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡት የሚይዝ ፍሬን እዚያው እምብርት ውስጥ አላቸው። ለሜዳ አገር ምቹ ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ግን ይግላል፣ ግራሶው ይቀልጣል፣ ይጨሳል። ካሊፎርኒያ ውስጥ በፌርፋክስ ከተማ አጠገብ፣ እ.ኤ.አ. በ1976 በአሮጌ ብስክሌት ከተራራ በመውረድ መወዳደር የጀመሩ ወጣቶች ከወደ 400 ሜትር ከፍታ ወርደው ሲጨርሱ እምብርቱ ሁልጊዜ በአዲስ ግራሶ መሞላት ነበረበት። የመንገዱም ስም ሪፓክ ተባለ፤ እንደገና ሙላ ማለት ነው። የተራራ ብስክሌት ውድድር ከዚያ ቁልቁለት ብዙ ነገሩን ወርሷል። ከእንጦጦ ማርያም ወደ ሽሮ ሜዳ በዚህ ፍሬን ብቻ ለመውረድ የሚያስብ ካለ ከፊት ጎማው ላይ ሌላ ፍሬን ያስገጥም። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍልውሃ ሲወርዱ ሽቅብ የመመለሱን ነገር አብዝተው ያሰቡበት አይመስልም።

የሂሳብ ሠራተኛው በመጨረሻ ለወንድሙ መልእክት ላከ። ያገለገለ ባለ ስምንት ማርሽ የኋላ ጎማ፣ የፔዳል ፍሬን የሌለው፤ እምብርቱ ከባለ ሦስቱ ሰፋ ስለሚል የብረት ፍሬሙ ትንሽ ይከፈትለታል፤ ከኋላ 22 ጥርስ፣ ቀለበቷም ሁለት ትሁን፣ አንዷ ለመጥፊያ። ወንድሙ ማታ ደወለ።

«ለምን ይሄን ሁሉ ትደክማለህ፣ ጋሼ? ባትሪ ያለው ኤሌክትሪክ ልላክልህ?»

ስልኩ ትንሽ ዝም አለ።

«ጥሩ ነው» አለ ሰውየው። «የኋላው ጥርስ ስንት ነው?»